«ተመቸኝ» ማለት አይበቃም፦ ስለ ኦንላይን ሲቢቲ ቴራፒስት አመራረጥ ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ የኦንላይን ሲቢቲ (ሐሳብንና ልማድን እየመረመሩ በመለወጥ የሚሰጥ የንግግር ሕክምና) ቴራፒስት ማግኘት ጫማ ከመግዛት አይከብድም ይላል። ፍሬ ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ በኢንተርኔት የሚሰጥ ሕክምና ከፊት ለፊቱ አያንስም፤ በመጀመሪያው ቀን ቀለል ካላችሁ ሰውየው የእናንተ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ከተገኘ ሌላ መመዘኛ አያስፈልግም፤ ኢንተርኔት ድንበር ስለሌለው የሥራ ፈቃድ እዚህ ግባ የሚባል ጉዳይ አይደለም፤ የምትነጋገሩት ከቤት ስለሆነ ምስጢራችሁ የተጠበቀ ነው፤ ለውጥ ካላያችሁ ደግሞ ታገሡ። ስድስት ነጥብ መሆኑ ነው። አንዱ ትክክል ነው፣ አንዱ ግማሽ እውነት ነው፣ የቀሩት አራቱ ግን የሰው ገንዘብና ወራት የሚበሉ ናቸው።

ትክክለኛው የመጀመሪያው ነው። ስቶክሆልም ላይ ሲቢቲን በኢንተርኔት የሚሰጥ የሳይካትሪ ክሊኒክ ከ2007 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የመደበኛው ሕክምና አካል ሆኖ ይሠራል። ለድባቴ፣ ለፓኒክ (ድንገት ለሚነሣ ኃይለኛ ፍርሃት) እና ለማኅበራዊ ፍርሃት በተደረጉ ንጽጽሮችም የኢንተርኔቱ ውጤት ከፊት ለፊቱ ጋር ተቀራራቢ ሆኗል። ጽሑፉ የዘለለው ግን አለ። ውጤቱ ጎልቶ የሚታየው ከስክሪኑ ጀርባ የቤት ሥራውን የሚያነብና መልስ የሚሰጥ ሰው ሲኖር ነው። አፕ አውርዶ ብቻውን የሚሞክር ሰው ብዙውን ጊዜ ከመንገድ ይቀራል። ደግሞም ድምፅ የሚሰማው፣ ለቀናት ሳይተኛ የሚፈነጥዝ፣ ራሱን የማጥፋት ዕቅድ የያዘ፣ ወይም የከረመበትን መጠጥ ባንዴ አቁሞ የሚንቀጠቀጥ ሰው አስቀድሞ ሐኪም በአካል ሊያየው ይገባል። አዲስ አበባ ከሆነ አማኑኤል ወይም የሳይካትሪ ክፍል ያለው ሌላ ሆስፒታል አለ፤ አሜሪካ ከሆነ 988 ላይ ይደወላል። የቪዲዮ ቀጠሮው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ዋናው ስሕተት ያለው ሁለተኛው ነጥብ ላይ ነው። ከመጀመሪያው ቀጠሮ ስትወጡ ቀለል ካላችሁ ፍለጋው አልቋል ይላል። ብሶቱን ለሚያዳምጥ ሰው የተነፈሰ ሁሉ ቀለል ይለዋል፤ ለዚያማ ጎረቤትም፣ ጓደኛም፣ የንስሐ አባትም አሉ። አሜሪካዊው ሳይካትሪስት አሮን ቤክ በ1960ዎቹ ፊላደልፊያ ላይ ያዋቀረው ሕክምና ሌላ ሥራ አለው፦ በዚያች ቅጽበት በአእምሮ ሽው ያለውን ሐሳብ ይዞ እውነት መሆን አለመሆኑን መመርመር፣ የሚሸሹትንም ነገር ደረጃ በደረጃ መጋፈጥ። ይህ ሥራ መሃል ላይ አይመችም። አሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት ኤድዋርድ ቦርዲን በ1979 የቴራፒስትና የታካሚን መግባባት ለሦስት ከፍሎት ነበር፦ በግቡ መስማማት፣ በሚሠራው ሥራ መስማማት፣ መተሳሰብ። ጽሑፉ ሦስተኛውን ይዞ ሁለቱን ጥሏል። «ይስማማኛል» የሚባለው ቴራፒስት ግን ሦስቱም የተሟሉለት ነው።

የፓኒክን ነገር እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ሰውየው ልቡ በኃይል ሲመታ «አሁን ልሞት ነው» ይላል፤ ታክሲ መሳፈር ትቷል፣ የውኃ ጠርሙስ ሳይዝ አይወጣም። ደግ ቴራፒስት በየሳምንቱ «ምንም አትሆንም፣ ልብህ ጤነኛ ነው» ይለዋል። ሰውየውም በየሳምንቱ ቀለል ብሎት ይወጣል፤ ማክሰኞ ላይ ፍርሃቱ ይመለስና የሐሙሱን ቀጠሮ እንደ መድኃኒት ይጠብቃል። ማጽናኛው ራሱ ሌላ የውኃ ጠርሙስ ሆነለት ማለት ነው። ሥራውን የሚያውቅ ቴራፒስት ግን የሚያስፈሩትን የሰውነት ስሜቶች ሆን ብሎ ያስነሣቸዋል፦ ለ1 ደቂቃ በቀጭን ስትሮ ብቻ መተንፈስ፣ ለ1 ደቂቃ ወንበር ላይ መሽከርከር፣ ባሉበት መሮጥ፣ ለ60 ሴኮንድ ፈጠን ፈጠን አድርጎ መተንፈስ። ከልምምዱ በፊት «ምን ይሆናል ብለህ ትፈራለህ? ስንት በመቶ?» ብሎ ይጽፋል፤ ከልምምዱ በኋላ የሆነውን ያስመዘግባል። ይህ በቪዲዮ በደንብ ይሠራል፤ የልብ፣ የአስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም እርግዝና ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምረውም። ከእንዲህ ያለ ቀጠሮ የሚወጣ ሰው ላብ ላብ ይለዋል እንጂ ቀለል አይለውም። በጽሑፉ ሚዛን ቢለካ ይህ ቴራፒስት ወድቋል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ወር የሚታየው የቀጠሮው ቅርጽ ነው። አንድ የሲቢቲ ቀጠሮ በአብዛኛው 50 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ስሜትን በቁጥር ለመለካትና የዕለቱን አጀንዳ አብሮ ለመቁረጥ ነው፤ ከዚያ ያለፈው ሳምንት የቤት ሥራ ይታያል፤ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ አንድ ወይም ሁለት ጉዳይ ላይ ይሠራል፤ አዲስ የቤት ሥራ ይሰጣል፤ በመጨረሻ ቴራፒስቱ «ዛሬ ያልተመቸህ ወይም የተሳሳትኩት ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ደቂቃው ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። ሦስት ቀጠሮ አልፎ አንድም የቤት ሥራ ካልተሰጠ፣ ወይም ተሰጥቶ ማንም ካላየው፣ የምትከፍሉበት ነገር ሲቢቲ አይደለም። ምናልባት ጥሩ ምክር ይሆናል፤ ስሙ ግን ሌላ ነው።

የቤት ሥራው ጥራት የሚለየው የሐሳብ መመዝገቢያ ሠንጠረዥ ላይ ነው። ሁኔታ፦ «አለቃዬ ሰላምታዬን ሳይመልስ አለፈ።» ሐሳብ፦ «ሊያባርረኝ ነው»፣ እምነት 85 በመቶ። ስሜት፦ ፍርሃት 80። ሐሳቡን የሚደግፍ፦ «ባለፈው ሳምንት ሪፖርት አዘግይቻለሁ።» የሚቃረን፦ «በስልክ እያወራ ነበር፤ ጧት አዲስ ሥራ ሰጥቶኛል።» ሚዛናዊ ሐሳብ፦ «ስለ ሪፖርቱ ሊቆጣ ይችላል፤ ሊያባርረኝ መሆኑን የሚያሳይ ግን የለም»፣ እምነት 70 በመቶ። ስሜት እንደገና ሲለካ፦ 45። ደካማ ቴራፒስት እዚህ ላይ በሦስት መንገድ ይሳሳታል። «ተጨንቄያለሁ» የሚለውን በሐሳብ ዐምድ ሲያይ ዝም ይላል፤ እሱ ስሜት እንጂ ሐሳብ አይደለም። «ለምን በእኔ ላይ?» የሚለውን ጥያቄ እንዳለ ይተወዋል፤ ጥያቄ ሊመረመር የሚችለው «ሁልጊዜ በእኔ ላይ ነው የሚሆነው» ወደሚል ዓረፍተ ነገር ሲለወጥ ነው። ሦስተኛውና የባሰው፣ ሚዛናዊ ሐሳብ በሚጻፍበት ቦታ «ሁሉም ለበጎ ነው» ብሎ ራሱ ይሞላዋል። ታካሚው 10 በመቶ እንኳ የማያምነው ዓረፍተ ነገር ስሜትን አያወርድም።

ጽሑፉ ሲቢቲ ብለው የጻፉት ሁሉ አንድ ይመስሉታል። መገለጫቸው ላይ ሲቢቲን ከሌሎች አሥራ አምስት ዘዴዎች ጋር የሚደረድሩ ብዙ ናቸው። ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት 15 ደቂቃ በነፃ ያነጋግራሉ፤ ያን ጊዜ ታሪካችሁን በመተረክ አትጨርሱት። ችግራችሁን በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግራችሁ ይህን ጠይቁ፦ ለእንዲህ ያለው ችግር ምን ምን እንሠራለን? ስንት ቀጠሮ ይፈጃል? መሻሻሉን በምን እንለካዋለን? በሳምንቱ መሃል እኔ ምን እሠራለሁ? ሲቢቲን ያሠለጠነህና ሥራህን የሚገመግምልህ ማነው?

መልሱን ለመመዘን ትንሽ ማወቅ ይበቃል። ለድባቴ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ፣ ከሐሳብ ሠንጠረዥ በፊት ወይም ጎን ለጎን የዕለት ውሎን በፕሮግራም መሙላት ይጠበቃል። እጅ ደጋግሞ ማጠብን ወይም በር መቆለፉን ደጋግሞ ማየትን ለመሰለው ኦሲዲ፣ የሚያስፈራውን ነክቶ ሳይታጠቡ መቆየትን ደረጃ በደረጃ መለማመድ ነው ዋናው፤ «ዘና ማለትን እናስተምራለን» ብቻ የሚል ሰው ለኦሲዲ አልሠለጠነም። ለእንቅልፍ ማጣት የ1 ወይም የ2 ሳምንት የእንቅልፍ መዝገብ፣ ከዚያም አልጋ ላይ የሚቆዩበትን ሰዓት ማሳጠር ይመጣል፤ በጥቅሉ ከ4 እስከ 8 ቀጠሮ ነው። ከጦርነት፣ ከስደት ጉዞ ወይም ከጥቃት በኋላ ለሚመጣ የሥነ ልቦና ጠባሳ 12 ቀጠሮ ያለው የሐሳብ ሕክምና አለ፤ እያንዳንዱ ቀጠሮ 90 ደቂቃ የሆነ፣ ከ8 እስከ 15 ቀጠሮ የሚወስድ ትዝታውን የመጋፈጥ ሕክምናም አለ። «እንደ ሁኔታው እናየዋለን» ብቻ የሚል መልስ ትሕትና ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ዕቅድ የለኝም ማለት ነው። በተቃራኒው «ይህ የእኔ ሙያ አይደለም፣ ወደ እገሌ ልምራህ» የሚል ሰው ከተገኘ ስልኩን ያዙት፤ ለሌላ ጊዜ ይጠቅማል።

አማርኛ ተናጋሪ ከተገኘ በቃ የሚለው ግማሽ እውነት ነው። «ሆዴን ባር ባር አለኝ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ማን ያስረዳል? «ሆድ ባሰኝ» ማለት ማዘን ብቻ አይደለም፤ ያስቀየመ ሰው አለ፣ የተሸሸገ ቅሬታ አለ። ይሉኝታን የማያውቅ ቴራፒስት የአክስቱን ልጅ ብድር እንቢ ማለት ያቃተውን ሰው «ለራስህ ዋጋ አትሰጥም» ብሎ ይደመድማል፤ የሚያውቀው ግን «እንቢ ብትል ማን ምን ይላል? ብሎስ ምን ይሆናል?» ብሎ ግምቱን ይፈትሻል። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም «መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ጠበልህን ቀጥል» የሚለው ቴራፒስት ጋ ይቆያል፤ የሚስቅበት ጋ አይመለስም።

ሌላው ግማሽ ግን ይህ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ባሉት ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ አማርኛ የሚናገሩ ቴራፒስቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ዕድሩ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት አንድ ይሆናል። በመጀመሪያው ጥሪ ላይ «የት ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለህ? ሠርግ ላይ ብንገናኝ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ትክክለኛው መልስ «አንተ ሰላም ካላልከኝ እኔ አልልህም፤ የቤተሰብህን አባል በታካሚነት ከያዝኩ ደግሞ አንተን አልቀበልም» የሚለው ነው። ቋንቋ መቻል ደግሞ ሲቢቲን መቻል አይደለም። ምርጫው በአማርኛ የሚያጽናና እና በእንግሊዝኛ ኦሲዲን በሥርዓት የሚያክም ከሆነ፣ እንግሊዝኛ ለሚችል ሰው ሁለተኛው ይሻላል፤ ሠንጠረዡን በአማርኛ ሞልቶ በቀጠሮው ላይ መተርጎም ይቻላል። እንዲያውም ሲተረጉሙት ሐሳቡ ይጠራል።

ቋንቋው ጨርሶ ካልሆነ አስተርጓሚ አለ። በእንግሊዝ የኤንኤችኤስ (የመንግሥቱ ጤና አገልግሎት) የንግግር ሕክምና ያለ ሐኪም ደብዳቤ ራስን አስመዝግቦ የሚጀመር፣ ነፃ፣ አስተርጓሚም የሚያቀርብ ነው። በእስራኤል የአእምሮ ጤና ሕክምና ከጁላይ 2015 ጀምሮ የጤና ፈንዶቹ ኃላፊነት ስለሆነ ጥያቄው የሚጀመረው ከኩፓት ሖሊም (ከተመዘገቡበት የጤና ፈንድ) ነው። በአስተርጓሚ ሲሆን ሁሉ ነገር ሁለት ጊዜ ይባላል፤ ስለዚህ 50 ደቂቃ አይበቃም፣ 80 ወይም 90 ደቂቃ ጠይቁ። አስተርጓሚው በየሳምንቱ አንድ ሰው ይሁን። ልጅ፣ ባል ወይም ሚስት በፍጹም አይሁኑ።

«ኢንተርኔት ድንበር የለውም» የሚለውን አባባል ሕጉ አያውቀውም። አሜሪካ ውስጥ የሚቆጠረው ታካሚው በዚያች ሰዓት የተቀመጠበት ቦታ ነው። ሜሪላንድ እየኖረ ዲሲ የሚሠራ ሰው ምሳ ሰዓት ላይ ከቢሮው ቪዲዮ ከከፈተ፣ ቴራፒስቱ ዲሲ ላይ መሥራት የሚችል መሆን አለበት። ሳይኮሎጂስቶች ሳይፓክት በሚባለው ስምምነት ፈቃድ ካወጡ ከ40 በላይ ክፍላተ ግዛት ውስጥ መሥራት ይችላሉ፤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ሦስቱም አሉበት። ስምምነቱ ግን ሶሻል ወርከሮችንና ካውንስለሮችን አይመለከትም። የእያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የፈቃድ ቦርድ በስም ፍለጋ አለው፤ ፈቃዱ መቼ እንደሚያበቃና ቅጣት እንዳለበት በሁለት ደቂቃ ይታያል። እንግሊዝ ውስጥ «ሳይኮቴራፒስት» ወይም «ሲቢቲ ቴራፒስት» የሚለው ስም በሕግ የተጠበቀ አይደለም፣ ማንም በሩ ላይ ሊለጥፈው ይችላል፤ «ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት» ግን የተጠበቀ ነው። ስለዚህ እዚያ የሚፈለገው የቢኤቢሲፒ (የሲቢቲ ባለሙያዎች ማኅበር) ዕውቅና ነው።

ብዙ የዲያስፖራ ሰው ዋጋው ስለሚቀንስ አዲስ አበባ ካለ ባለሙያ ጋር ይሠራል። ማንም አይፈርድበትም። የሚያጣውን ግን ይወቅ፦ ኢንሹራንስ አይከፍልለትም፣ በሚኖርበት አገር የሚያማርርበት ቦርድ የለውም፣ ድንገት ቢብስበት ቴራፒስቱ እሱ ያለበትን ከተማ አምቡላንስ መጥራት አይችልም። ስለዚህ ቢያንስ አድራሻውንና አቅራቢያው ያለ የአንድ ሰው ስልክ አስቀድሞ ይስጥ፤ ስለ ቴራፒስቱ ትምህርትም የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ማስተርስ መሆኑን፣ በየትኛው ሆስፒታል እንደተለማመደ ይጠይቅ። ድንበር ባይኖር እንኳ ሰዓት አለ። «2 ሰዓት» ሲባል በማን አቆጣጠር እንደሆነ በጽሑፍ አረጋግጡ። አሜሪካ በኖቬምበር መጀመሪያ (በእኛ ጥቅምት መጨረሻ ላይ) ሰዓቷን ስትመልስ፣ በዋሽንግተን እኩለ ቀን ላይ የሚደረገው ቀጠሮ በአዲስ አበባ ከማታ 1 ሰዓት ወደ ማታ 2 ሰዓት ይሄዳል። በየዓመቱ በዚያ ሳምንት ብዙ ቀጠሮ ይባክናል፣ ያልተገኙበትም ይከፈላል።

ምስጢርን በተመለከተ አንድ እውነት ይበቃል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2023 ቤተርሄልፕ የተባለውን ትልቅ የኦንላይን ሕክምና ድርጅት የተጠቃሚዎችን ኢሜይልና የጤና መረጃ ለፌስቡክና ለስናፕቻት ለማስታወቂያ አሳልፎ ሰጥቷል ብሎ 7.8 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። ስለዚህ የመግቢያ መጠይቁን ከመሙላታችሁ በፊት በሌላ ኢሜይል ተመዝገቡ፣ «በፌስቡክ ግባ» የሚለውንም አትጫኑት። የቤቱ ምስጢር ደግሞ ከኩባንያው ምስጢር ይብሳል። ስስ ግድግዳ ባለበት ቤት የጆሮ ማዳመጫ የቴራፒስቱን ድምፅ ይደብቃል፣ የእናንተን ግን አይደብቅም፤ በር ሥር ሬዲዮ መክፈት ወይም የቆመ መኪና ውስጥ መቀመጥ ይረዳል። ሰው ሲገባ የምትሉትን አንድ ቃል አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ «ስለ ትራንስፖርቱ ነገ እደውላለሁ» ማለት ይበቃል። ኤምሬትስ ያሉ ደግሞ የዋትስአፕ ጥሪ እዚያ ለረጅም ጊዜ የተዘጋ መሆኑን ቴራፒስቱ እንዲያውቅ ያድርጉ። የ50 ደቂቃ ቪዲዮ ወደ ግማሽ ጊጋባይት ይወስዳል፣ ድምፅ ብቻ ከ100 ሜጋባይት በታች ነው፤ መስመር ሲቋረጥ ማን ለማን፣ በስንት ደቂቃ ውስጥ እንደሚደውል በመጀመሪያው ቀን ይወሰን።

የቀረው ታገሡ የሚለው ምክር ነው። እስከ መቼ? ለድባቴ ፒኤችኪው-9 የሚባል ከ0 እስከ 27 የሚለካ፣ ለጭንቀት ደግሞ ጋድ-7 የሚባል ከ0 እስከ 21 የሚለካ አጭር መጠይቅ አለ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ፒኤችኪው-9 በአማርኛም ኢትዮጵያ ውስጥ ተጠንቷል። ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ሙሉትና በየሳምንቱ በአንድ ቀን ድገሙት። የኤንኤችኤስ አገልግሎት እውነተኛ ለውጥ የሚለው በፒኤችኪው-9 ቢያንስ 6፣ በጋድ-7 ቢያንስ 4 ነጥብ መውረድን ነው። የቤት ሥራው እየተሠራ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ቀጠሮ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ትዕግሥት አይደለም የሚያስፈልገው፣ ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው፦ ግቡ ተሳስቶ ይሆን? የቤት ሥራው ከብዶ ይሆን? ድባቴ ያልነው የታይሮይድ ችግር ይሆን? የቤት ሥራው ካልተሠራ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው፤ ቴራፒስት መቀየር አይፈታውም። የፒኤችኪው-9 ዘጠነኛ ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብ ነው። ማክሰኞ የሞላችሁትን ቴራፒስቱ ዓርብ የሚያየው ከሆነ፣ እዚያ ላይ ከዜሮ በላይ ስትመልሱ ምን እንደሚያደርግ አስቀድማችሁ ጠይቁት።

ለመለየት ሲወሰን የሚያስቸግረው ይሉኝታ ነው። ብዙ ሰው «ታምሜ ነው» እያለ ሁለት ቀጠሮ ይሰርዝና በዚያው ይጠፋል፤ የመቅረቱንም ክፍያ ይከፍላል። ይህን መላክ ይበቃል፦ «እስካሁን ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። ስድስት ቀጠሮ ሠርተን ነጥቤ ከ17 ወደ 16 ብቻ ስለወረደ ሌላ ባለሙያ ልሞክር አስቤያለሁ። የመጨረሻውን ቀጠሮ ለማጠቃለያ እንጠቀምበት፤ የሠራነውን የሚገልጽ የአንድ ገጽ ደብዳቤም እፈልጋለሁ።» ጥሩ ቴራፒስት አይቀየምም፤ ምን እንደጎደለ ይጠይቃል፣ ደብዳቤውን ይጽፋል፣ አንዳንዴም ስም ይጠቁማል። ደብዳቤው ላይ የምርመራው ስም፣ የተሠሩት ልምምዶች፣ ያልሠሩት፣ የየሳምንቱ ነጥብና የሚወሰደው መድኃኒት ይኑርበት። ለአዲሱ ቴራፒስት ከመጀመሪያው ቀጠሮ ሁለት ቀን አስቀድማችሁ ላኩት፤ የመጀመሪያው ሰዓት ታሪክ በመድገም አያልቅም።